ሁለት ድስት ጫምጶንግ

ኮሪያ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤት ገብቶ ወንበር የሳበ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ጫጃንግምዮን ነው ወይስ ጫምጶንግ? የመጀመሪያው ከተብላላ አኩሪ አተር የተሠራ ጥቁር ድልህ የፈሰሰበት ኑድል ነው። ሁለተኛው ቀይ፣ የሚያቃጥል፣ የባሕር ፍጥረት የሞላበት የኑድል ሾርባ ነው። ምርጫው ሰውን ስለሚያስጨንቀው መካከሉ ላይ ግድግዳ ያለው ሳህን ሠርተው ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ የሚሸጡም አሉ። እኔ የጫምጶንግ ወገን ነኝ። ላብ ግንባሬ ላይ ካልወጣ የበላሁ አይመስለኝም።

ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፉት ሁለት ሁለት ፊደል ይደረድራሉ፤ ለእኔ ጆሮ ግን የእኛው ጨ እና ጰ ይቀርቡታል። ቃሉ ከምግብነትም አልፏል። የማይገናኙ ነገሮችን የደባለቀን ሰው ኮሪያውያን «ጫምጶንግ አደረገው» ይሉታል። ማታ ሲጠጡ ያደሩ ሰዎችም ጠዋት ራሳቸው ሲፈርስ የሚሮጡት ወደዚሁ ሾርባ ነው፤ ይህ የእኛን አንባቢዎች አይመለከትም ብዬ አልፈዋለሁ።

የኢንቾን ወደብ እ.ኤ.አ. በ1883 ለውጭ ንግድ ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ቻይናውያን የሚሰፍሩበት መሬት ተከለለ። ከቢጫ ባሕር ማዶ፣ ከሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም መጣ፤ ወጥ ቤታቸውም አብሮ መጣ። አንዳንዶች የጫምጶንግን አባት በሻንዶንግ የኑድል ሾርባ ውስጥ ይፈልጉታል። ሌሎች ደግሞ ስሙን ይዘው ወደ ጃፓን ይሄዳሉ። ናጋሳኪ በምትባለው ወደብ ቼን ፒንግሹን የተባለ የፉጂያን ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ሺካይሮ የሚባል ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ኪሳቸው ለሳሳ ቻይናውያን ተማሪዎች ርካሽና የሚያጠግብ ሳህን ላቅርብ ብሎ ቻምፖን የተባለውን ሾርባ እንደ ጀመረ ይነገራል። የናጋሳኪው እስከ ዛሬ ነጣ ያለ ነው። የኮሪያውም ቀድሞ እንዲህ ቀይ አልነበረም፤ በርበሬው የገባው ቆይቶ፣ የበላተኛውን ምላስ ተከትሎ ነው። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ የማይለወጠው ነገር ሾርባው የወደብና የስደተኛ መሆኑ ነው፤ ባሕሩ የሰጠው፣ ገበያው ያረከሰው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የተረፈው ሁሉ ይገባበታል።

ያበሰሉት ሰዎች ኑሮ ግን እንደ ሾርባው አልጣፈጠም። እ.ኤ.አ. በ1931 በኢንቾን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች በተዛመተ ሁከት ብዙ ቻይናውያን ተገደሉ፤ ሱቃቸው ተሰባበረ። ከኮሪያ ጦርነት በኋላም እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁት እንደ ውጭ ዜጋ ተቆጠሩ፤ በሚይዙት መሬትና ቤት ላይ ገደብ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ታይዋንና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አገሩ ሁሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር በስልክ የሚያዝዘውን ሳህን የሚሠራው ሰው ራሱ እንግዳ ሆኖ ኖረ። በኢንቾን ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ መንገዱን ስትሻገሩ የቻይና ሰፈሩ በር ፊት ለፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ። እዚያ ተቀምጬ ስበላ ይህን ሳላስብ ሳህኔን ጨርሼ አላውቅም።

ስለ እንግድነት ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እሑድ እሑድ አንድ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን በሰጠን ምድር ቤት ውስጥ በአማርኛ እንሰበሰባለን፤ ለማስተርስ ትምህርት ሴኡል ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከመካከላችን የ24 ዓመት እህት አለች። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ትሠራለች። ምሳ ፋብሪካው ያቀርባል፤ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ከመካከል ካለው ድስት ይቀዳል። ድስቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን ወይ አሳማ አለ፣ ወይ ክንፍም ቅርፊትም የሌለው ነገር ከባሕር ወጥቶ ተጠቅልሏል። እህታችን ነጭ ሩዝ፣ የተጠበሰ እንቁላልና ኪምቺ ይዛ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። 8 ወር እንዲህ በላች።

አንድ ቀን አብረዋት የሚሠሩ አንዲት አጁማ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። አጁማ ማለት በእኛ አነጋገር እትዬ እንደማለት ነው። ኮሪያኛዋ ገና ስለሆነ ስልካቸውን አውጥተው ተናገሩበትና የተተረጎመውን አሳዩዋት። ስልኩ ያወጣው አማርኛ ወልጋዳ ቢሆንም ይገባል፦ «አንቺ እኛን ትጠየፊያለሽ?»

ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። «መምህር፣ እኔ እነሱን መቼ ጠላሁ? ሆዴ እኮ ነው እንቢ ያለኝ» አለች።

ትምህርቱን ታውቀዋለች። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ጉዳይ ላይ ከመድረክ የምንናገረው ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው እንዳልሆነ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ተምረናል። ሆድ ግን ስብከት አይሰማም። አያቶቻችን ዘሌዋውያን 11 ላይ የተዘረዘረውን ሳይነኩ ኖረው አልፈዋል፤ እኛም «ይህ አይበላም» የተባልነው ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ነው። እህታችን ስኩዊድ ስታይ የሚሰማት የሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ በቃ።

አንድ ወንድማችን የጴጥሮስን ሸማ አንሥቶ ቀለደባት፤ ወንጌሉ ገብቶሽ ሽሪምፑ እንዴት አልገባሽም ዓይነት ቀልድ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጴጥሮስ በኢዮጴ፣ በባሕር ዳር ባለ ቤት ጣራ ላይ፣ ተርቦ ሳለ ያን ሸማ አየ። ሸማው ወደ ሰማይ ተወሰደ፤ ከውስጡ አንዳች አንሥቶ እንደ በላ ግን አልተጻፈም። የተጻፈው ወርዶ በር ላይ የቆሙትን እንግዶች ወደ ቤት ማስገባቱና በማግስቱ ወደ ቆርኔሌዎስ መሄዱ ነው። ኢየሩሳሌም ሲመለስ የተከሰሰበትም ነገር ከእነማን ጋር በላህ የሚል ነበር። ያን ሸማ ለማውረድ የተላከ ሌላ አለ፤ እኔም ያ ወንድማችንም በሰው አፍ ውስጥ ሽሪምፕ ለመክተት አልተላክንም። የሚያሳስበኝ እህታችን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ መቀመጧና ኮሪያዊቷ እናት መናቃቸውን ማመናቸው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ቅዳሜ ምሳ ቤቴ ጠራኋቸው። የሚሠራውም ጫምጶንግ ሆነ። ምግብ ቤት ብንሄድ አይሆንም ነበር፤ ብዙ የቻይና ምግብ ቤቶች በአሳማ ስብ ይጠብሳሉ፣ ማጣፈጫቸውም ብዙ ጊዜ የኦይስተር ድልህ ነው፤ ሳህኑ ላይ ምንም ሳይታይ ሾርባው ውስጥ አለ። ቤት ውስጥ ግን እጄ ያስገባውን አውቃለሁ። ደግሞ ጫምጶንግ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ መሠረቱ ዘይት፣ በርበሬና አትክልት ነው፤ ባሕሩ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ባሕሩ ከመግባቱ በፊት ለሁለት ድስት ይከፈላል።

ወጥ የለመደ ሰው ይህን ሾርባ ሲሠራ መጀመሪያ ልማዱን መተው አለበት። የእኛ ቁሌት እየተማሰለ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገለት፣ ሰዓት ይወስዳል። ጫምጶንግ ግን መረቁ አስቀድሞ ከተዘጋጀ፣ ዘይቱ ከጋለበት እስከ ሳህኑ ድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በየሳህኑ ተደርድሮ ሳያበቃ እሳት አይለኮስም። መረቁን ጠዋት ሠራሁት፤ 1 ኪሎ የዶሮ አጥንት በ3 ሊትር ውኃ፣ ከዝንጅብልና ከባሮ ጋር፣ 2 ሰዓት ቀስ ብሎ ፈላ። ለ4 ሰው የሚበቃ 2 ሊትር ያህል ተረፈኝ።

ከባሕሩ ወገን የሚያስቸግረው ማስል የሚሉት ነው፤ በጥቁር ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ፍጥረት። ቅርፊቱ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ከጎኑ የወጣው ጢም ይነቀላል። የተሰበረው፣ ወይም አፉን ከፍቶ መታ ሲደረግ የማይዘጋው ይጣላል። ስኩዊዱ ይታጠብና ቢላዋ በስሱ በሰያፍ ይመላለስበታል፤ ሲፈላ እንደ ጽጌረዳ ይጠቀለላል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲያጥብ እኅታችን በሩ ጋ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር።

በጎድጓዳ መጥበሻ ውስጥ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የተከተፈ 2 ባሮ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ አንድ ማንኪያ፣ በዝቅተኛ እሳት። ሽታው ሲነሣ ሌሎች አሳማ የሚያስገቡበት ቦታ ላይ እኔ በስሱ የተቆረጠ ፍሪምባ አስገባሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ቻዶል ጫምጶንግ የሚባለው በየምግብ ቤቱ የሚሸጥ፣ የከብት ደረት ሥጋ የገባበት ነው። ሥጋው ቀለሙን ሲቀይር እሳቱን አጥፍቼ 5 ማንኪያ የኮሪያ በርበሬ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ እሳት ላይ እንዳለ ከገባ በጥቂት ሰከንድ ይጠቁራል፣ ከጠቆረ በኋላ ይመርራል፣ መራራውን የሚያወጣ ነገር የለም። ዘይቱ ደም ሲመስል እሳቱ እንደገና፣ አሁን በኃይል። 3 ማንኪያ ሶያ ሶስ በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ ይፈስሳል፤ ጢስ ብሎ ይቃጠላል፣ ሾርባውን የጢስ ጣዕም የሚሰጠው ይህ ነው። ኮሪያውያን ቡልማት ይሉታል፣ የእሳት ጣዕም። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፤ 2 ደቂቃ ብቻ፣ ሳይልሙ።

አጁማዋ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱት። ምን ይባላል? እናት ናቸው፤ ሰጠኋቸው።

የጠበስነውን እኩል በሁለት ድስት ከፈልነው፤ በየድስቱ 1 ሊትር መረቅ ገባ። ወደ አንደኛው ማስሉ፣ ሲከፈት ሽሪምፑ፣ በመጨረሻ ስኩዊዱ ገባ። ስኩዊድ ከ2 ደቂቃ በላይ ከቆየ ጎማ ነው። ሳይከፈት የቀረ ማስል ካለ ይጣላል። ወደ ሁለተኛው ሌላ ፍሪምባና እንጉዳይ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ለሁለቱም። ኑድሉ ለብቻው ይቀቀላል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ሾርባውን እንዳያበርደው የፈላ ውኃ ውስጥ አንዴ ነከር ተደርጎ ሳህን ይገባል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትሞክሩ፦ የቤታችሁን በርበሬ አታስገቡ። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ አብሹ ሁሉ ውስጡ ስላለ የሚወጣው ነገር ኑድል የገባበት ወጥ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ጫምጶንግ አይደለም። ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ፍሬው ወጥቶ ሻካራ ተደርጎ ቢደቆስ ይቀርባል። ለኑድሉ ቀጭን ስፓጌቲ 2 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ቀቅሉና እጠቡት፤ ቢጫ ይሆናል፣ ጥርስ ላይም የሚለጠጥ ይሆናል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አጁማዋ ለምን ሁለት እንደሆነ ጠየቁ። እኔ አስተረጎምኩ። ስለ ልጅነታችን ነገርኳቸው፤ አያቶቻችን የሚበሉትንና የማይበሉትን፣ ልጅቱ ሰውን ሳይሆን ድስቱን እንደምትፈራ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ አድርገው «ታዲያ ለምን 8 ወር ሙሉ አልነገረችንም?» አሉ። ስተረጉምላት እህታችን «በምን ቋንቋ?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። አጁማዋ የፍሪምባውን ድስት አፍ እስኪደርስ ቀድተው ሰጧት፤ ላቧ እስኪንጠባጠብ በላች፤ ሲጨመርላትም እንቢ አላለችም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። እህታችን ቾፕስቲኳን ወደ ኪምቺው ስትሰድድ አጁማዋ እጇን ያዝ አደረጓትና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ውስጥ እኮ የጨው ሽሪምፕ አለበት፤ አታውቅም?» እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ኪምቺ በጨው በተብላላ ሽሪምፕ ነው የሚሠራው። የፋብሪካውም እንዲሁ።

ሁለቱም እኔን ያያሉ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ሳትመራመሩ ብሉ ያለውን ያህል፣ የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣስ የሚለውንም እንዳነሣ በዚያች ሰከንድ ትዝ አለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ምሳውም በሳቅ ያልቅ ነበር። ግን ሳህኑ የእርሷ ነው፣ ሆዱም የእርሷ። ተረጎምኩላት።

ኪምቺውን ተመለከተችው። «8 ወር» አለች ለራሷ። የምትስቅም የምታለቅስም መሰለኝ፤ አንዱንም አላደረገችም። ሳህኑን በሁለት እጇ አንሥታ፣ እንደ አገሩ ወግ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ በአጁማዋ ፊት አስቀመጠችው። እርሳቸውም አልተቀየሙም፤ ቢጫውን ፍጅል ወደ እርሷ ገፉላት። የቀረውን መረቅ ሩዝ ጨምረንበት ሦስታችንም ከየድስታችን ጠራረግነው።

በፋብሪካው የሐሙስ ድስት ዛሬም አሳማ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እህታችን ሩዝና እንቁላል ትበላለች። አሁን ግን ጠረጴዛው መካከል ተቀምጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፤ በፋብሪካው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትልቁ የኪምቺ ዕቃ አጠገብ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቆሟል። አጁማዋ ቤታቸው ሠርተው ያመጡት ነው፤ ሽሪምፕ የለበትም፣ አንቾቪ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ በተዘጋጀ ድልህ ብቻ። አንቾቪ ክንፍም ቅርፊትም አለው። ክዳኑ ላይ በኮሪያ ፊደል፣ አንዱን ድምፅ ስተው፣ ስሟን ጽፈውበታል።